ጉጉት የታተመበት ብር

በአቴና ገበያ፣ ገንዘብ ለዋጮቹ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው በተደረደሩበት መካከል አንድ ሰው ይቀመጣል። የሚሸጠው ነገር የለውም፤ የሚለውጠውም የለውም። ሥራው ብር መመርመር ነው። ሻጭና ገዢ «ይህ ብር ደህና ነው»፣ «አይደለም» ተባብለው ሲካረሩ ወደ እሱ ይዘውት ይመጣሉ። ተቀብሎ በመዳፉ ይመዝነዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ጠርዙንና መልኩን ያያል። «ደህና ነው» ካለ ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ አልቀበልም የሚል ሻጭ በዚያ ቀን ለገበያ ያወጣው ዕቃ ሁሉ ይወረስበታል። ብሩ ከላይ ተለብጦ ውስጡ ነሐስ ወይም እርሳስ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መርማሪው እዚያው በስለት ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀው ብር ለባለቤቱ አይመለስም። «የአማልክት እናት» ለሚሏት አምላክ የተለየ ንብረት ሆኖ ለከተማዋ ምክር ቤት ገቢ ይሆናል።

ሀብታሙ ነጋዴ፣ ባለመርከቡ፣ ከሩቅ አገር እህል ጭኖ የመጣው ሁሉ የዚህን ሰው ቃል ይጠብቃል። ሰውየው ግን ባሪያ ነው። ጌታው ከተማዋ ናት። በቦታው ካልተቀመጠ ወይም እንደ ሕጉ ካልመረመረ 50 ጅራፍ ይገረፋል።

ይህን የምናውቀው ኒኮፎን የተባለ አቴናዊ ካቀረበው ሕግ ነው። ሕጉ የወጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375/4 ዓመት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው የጥንት ዓመታት፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ ሁሉም ከልደት በፊት የሚቆጠሩ ናቸው። የተቀረጸበት የእብነ በረድ ጽላት እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው በጥንታዊው ገበያ ቁፋሮ ተገኘ። ስለ ግሪክ ገንዘብ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ውበቱ፣ ስለ ቅርጹ፣ ስለ ንጽሕናው። ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚናገረው ይህ ጽላት ነው። ዓለም ሁሉ ያመነው ብር በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ ሳይደብቅ ይነግረናልና።

ብሩን ቀረብ ብለን እንየው። ክብደቱ ከ17 ግራም ጥቂት ይበልጣል። ስፋቱ ከእኛ የአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አይርቅም፤ ውፍረቱ ግን አይገናኝም፣ እጅ ላይ ሲያርፍ እንደ ጠጠር ድብልብል ያለ ነው። በአንድ ወገን የከተማዋ አምላክ አቴና የጦር ቁር ደፍታ ትታያለች፤ ቁሩ ላይ ሦስት የወይራ ቅጠሎች ተደርድረዋል። ፊቷ ወደ ጎን የዞረ ነው፣ ዓይኗ ግን ፊት ለፊት እንደሚያይ ሰው ዓይን ሙሉ ሆኖ እንደ ለውዝ ሾሏል። ከንፈሯ ላይ ፈገግታ አለ። ብሩን ስትገለብጡት ጉጉት ታገኛላችሁ። ሰውነቷ ወደ ጎን፣ ራሷ ወደ እናንተ፤ ሁለት ትልልቅ ክብ ዓይኖች ቁልጭ ብለው ያያሉ። ከኋላዋ የወይራ ዝንጣፊና ትንሽ ጨረቃ፣ ከፊቷ «የአቴናውያን» ለማለት የተጻፉ ሦስት ፊደላት አሉ፦ አልፋ፣ ቴታ፣ ኤፕሲሎን። በእኛ አገር ጉጉት ጣሪያ ላይ ስትጮህ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ለአቴናውያን ግን የአምላካቸው ወፍ ነበረች፤ ስትታያቸው ደስ ይላቸው ነበር፤ ብሩንም ራሱን «ጉጉት» እያሉ ይጠሩት ነበር።

እያንዳንዱ የግሪክ ከተማ እንዲህ የራሱ ምልክት ነበረው። ከአቴና ፊት ለፊት ባለችው ደሴት በኤጊና ብሩ ላይ የባሕር ኤሊ ታትማለች፤ በቆሮንቶስ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ በኤፌሶን ንብ። ሮዴስ ስሟ ከጽጌረዳ ጋር ስለሚመሳሰል ጽጌረዳ አተመች። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ በ7ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ዛሬ ቱርክ በምንለው ምድር የነበሩት ልድያውያን ወርቅና ብር ተቀላቅሎ ከሚገኝበት ማዕድን ትንንሽ እንክብሎች እየሠሩ ምልክት ያትሙባቸው ነበር። ንጉሣቸው ክሪሰስ ወርቁን ለብቻ ብሩንም ለብቻ አድርጎ አሳተመ። ግሪኮች ነገሩን ከእነሱ ተቀብለው ብሩን የራሳቸው አደረጉት፤ ምክንያቱም የነበራቸው ብር ነው። ወርቅ በብዛት አልነበራቸውም።

የገንዘቡን ስሞች የአማርኛ አንባቢ ሳያውቀው ያውቃቸዋል። ትንሿ ሳንቲም «ኦቦል» ትባላለች፤ ስሟ የመጣው ከብረት ዘንግ ነው፣ ሥጋ ከሚጠበስበት። ሳንቲም ሳይመጣ በፊት ግሪኮች በብረት ዘንጎች ይገበያዩ ነበርና ስድስት ዘንግ፣ በአንድ እጅ ጭብጥ የሚያዘው ያህል፣ «ድራክማ» ተባለ፤ «ጭብጥ» እንደማለት ነው። ሳንቲሙ ሲመጣም ስሌቱ አልተለወጠም፦ ስድስት ኦቦል አንድ ድራክማ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሉቃስ ወንጌል፣ ሴትዮዋ ቤቷን ጠርጋ የፈለገችው «ድሪም» ይኸው ድራክማ ነው። 100 ድራክማ አንድ «ምናን» ይሆናል፤ 60 ምናን ደግሞ አንድ «መክሊት»። የአቴና መክሊት 26 ኪሎ ገደማ ብር ነበር። አንድን ሰው «መክሊቱን አገኘ» ስንል እንግዲህ የግሪኮችን ሚዛን እየጠራን ነው። ዱባይ ያለች እህታችን በየወሩ የምትቆጥረው ዲርሃምም ስሙን የወረሰው ከድራክማ ነው።

ድራክማ በኑሮ ምን ያህል ነበር? በ5ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ኤሬክቴዮን የተባለውን ቤተ መቅደስ ለሠሩ ሰዎች የተከፈለው ሒሳብ በድንጋይ ተቀርጾ ይገኛል። ለቀን ሥራ አንድ ድራክማ። ዜጋውም፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሚኖረውም፣ ባሪያውም እኩል አንድ ድራክማ። መዝገቡን መጀመሪያ ያየ ሰው ፍትሕ የነገሠ ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም የባሪያውን ድራክማ የሚወስደው ጌታው ነበር። በፍርድ ቤት ለመፍረድ የሚቀመጥ ዜጋ በቀን ሦስት ኦቦል ያገኛል። ኦቦሏ ከጣት ጥፍር የምታንስ ስለሆነች ከእጅ ታመልጣለች፤ ስለዚህ ሰዉ ወደ ገበያ ሲሄድ ጉንጩ ውስጥ ይይዛት ነበር። ሰው ሲሞትም አንድ ኦቦል አፉ ውስጥ ይደረግለታል፤ የሙታንን ወንዝ ለሚያሻግረው ባለጀልባ ዋጋ።

ይህ ሁሉ ብር ከየት መጣ? ከአቴና ወደ ደቡብ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ምድሩ ወደ ባሕር እየጠበበ ይሄድና ላውሪዮን የሚባል ደረቅ ኮረብታማ አገር ይደረሳል። ዛሬም ኮረብታዎቹ ቀዳዳ በቀዳዳ ናቸው። አንዳንዱ ጉድጓድ ከ100 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ አራት ማዕዘኑ ተጠብቆ፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ በመሮና በመዶሻ ብቻ የተፈለፈለ ነው። ከጉድጓዱ ግርጌ ወደ ጎን የሚሄዱት ዋሻዎች ግን ከፍታቸው ብዙ ቦታ አንድ ሜትር አይሞላም። ሰው ቆሞ አይሠራባቸውም። ተንበርክኮ ወይም ተኝቶ ነው። የመሮው ጭረት ዛሬም ድንጋዩ ላይ ይታያል፤ የዘይት ኩራዝ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ጎድጎዶችም እንዲሁ። እያንዳንዱን ጭረት አንድ ክንድ ጭሮታል።

የሚወጣው ድንጋይ ብር አይመስልም። ጥቁርና ከባድ የእርሳስ ማዕድን ነው፤ ከአንድ ቶን እርሳስ ጥቂት ኪሎ ብር ብቻ ይገኛል። መጀመሪያ በመዶሻ ተሰባብሮ በወፍጮ ይፈጫል። ከዚያ ይታጠባል። አገሩ ውኃ የለውምና የዝናቡን ውኃ የሚይዙ ትልልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውኃ በማያሳልፍ ልስን ተለስነዋል። በተዳፋት የድንጋይ መደብ ላይ ውኃ ሲለቀቅ ቀላሉ አፈር ይወሰዳል፣ ከባዱ ማዕድን ይቀራል፤ ውኃውም በቦይ ዞሮ ተጠራቅሞ እንደገና ይቀዳል። አንዲት ጠብታ አይባክንም። እነዚህ ማጠቢያዎች ዛሬም ስላሉ ሄዶ የሚያይ ሰው ቦዩን በእግሩ ተከትሎ መዞር ይችላል። የታጠበው በከሰል እሳት ይቀልጥና ብር ያዘለ እርሳስ ይሆናል። የመጨረሻው ሥራ ሁለቱን መለየት ነው፦ የቀለጠው እርሳስ ላይ በወናፍ አየር ሲነፋበት እርሳሱ እየተቃጠለ ወደ ዝቃጭነት ይለወጣል፣ ብሩ ግን አይለወጥም። ዝቃጩ ተገፍፎ ሲያልቅ ከምድጃው መሐል ብሩ ብቻውን ብልጭ ይላል። የአቴና ብር ሲመረመር ከመቶ 98 እና ከዚያ በላይ ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ጥንቃቄ ነው። የእርሳስ ጭስ ሲተነፍስ የኖረ ሰው ሳንባና ደም ምን እንደሆነ ደግሞ የዘመኑ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል።

አቴናዊው ጸሐፊ ዜኖፎን ስለ አቴና ገቢ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ሒሳብ ትቶልናል። ጄኔራሉ ኒክያስ 1,000 ባሪያዎች በማዕድኑ ውስጥ ነበሩት። ሶስያስ ለሚባል የትራክያ ሰው አከራያቸው፤ ኪራዩ በሰው በቀን አንድ ኦቦል። ቀላል ስሌት ነው፦ 1,000 ኦቦል በቀን፣ በ36 ቀን አንድ መክሊት። ኒክያስ እጁን ሳያነሣ። በውሉ ውስጥ ግን አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኔን ባነበብኩት ቁጥር የሚያቆመኝ እሱ ነው። ሶስያስ የባሪያዎቹን ቁጥር ሁልጊዜ 1,000 አድርጎ መጠበቅ አለበት። አንድ ሰው ሲሞት ሌላ ይተካል ማለት ነው። በውሉ ውስጥ ሞት አለ፤ ስሙ ብቻ አልተጠራም።

በ483 ገደማ በላውሪዮን ብር የጠገበ አዲስ ንጣፍ ተገኘ። ከተማዋ ድንገት ባለጸጋ ሆነች፤ ሕዝቡም ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ ዜጋ 10 ድራክማ ይከፋፈል ተባለ። ቴሚስቶክሊስ የተባለ የከተማዋ መሪ ተነሥቶ ተቃወመ። ብሩ መርከብ ይሠራበት አለ። ምክንያቱን ኤጊና አደረገው፤ በዚያን ጊዜ ከኤጊና ጋር ጠብ ስለነበር ባለኤሊዋን ደሴት የሚጠላ ሁሉ ሰማው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደሚለው የተሠሩት መርከቦች 200 ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ480፣ የፋርስ ንጉሥ ኃይል በሳላሚስ ወሽመጥ ሲመጣ የጠበቁት እነዚያ መርከቦች ናቸው። 10 ድራክማው ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ የገበያ ዳቦና የወይን ጠጅ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከድሉ በኋላ የጉጉቷ ብር ከከተማዋ አልፎ የባሕሩ ገንዘብ ሆነ። አንድ የጦር መርከብ 200 ሰው ይጭናል፤ በቀን አንድ ድራክማ ለሰው ሲከፈል በወር አንድ መክሊት ይፈጃል። ስለዚህ ከፋርስ ለመከላከል ተባብረው የነበሩት ደሴቶችና ከተሞች ግብር ያመጡ ጀመር፤ ግምጃ ቤቱም በ454 ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴና ተዛወረ። ከእያንዳንዱ መክሊት አንድ ምናን፣ ማለትም ከ60 አንድ እጅ፣ ለአቴና አምላክ ይቆረጥ ነበር፤ የተቆረጠውም ከተማ በከተማ በድንጋይ ተጻፈ። ኤጊና ተሸንፋ በዓመት 30 መክሊት ትከፍል ጀመር። ቆይቶም የአቴና ሕዝብ ሸንጎ ተባባሪዎቹ ሁሉ በአቴና ብር፣ በአቴና ሚዛንና መስፈሪያ እንዲገበያዩ የሚያዝ አዋጅ አወጣ። የአቴና መሪ ፔሪክሊስ በ431 ከስፓርታ ከተማ ጋር ጦርነት ሲነሣ ሕዝቡን ያጽናናው በአክሮፖሊስ ላይ 6,000 መክሊት የታተመ ብር አለ ብሎ ነው። ሁሉም ባለጉጉቱ ባለአራት ድራክማ ቢሆን 9 ሚሊዮን ጠገራ ማለት ነው።

9 ሚሊዮን ጠገራ፣ እያንዳንዱ በእጅ። ብሩ ተቀልጦ፣ ተመዝኖ፣ ድብልብል ተደርጎ ይሞቃል። የአቴና ራስ የተቀረጸበት ቅርጽ መስፉ ላይ ተተክሏል፤ ጉጉቷ የተቀረጸችበት ደግሞ በእጅ በሚያዝ ዘንግ ጫፍ ላይ ናት። ትኩሱ ብር በጉጠት ተይዞ በመሐል ይቀመጣል፣ ዘንጉ ከላይ ይቆማል፣ መዶሻው ይወርዳል። ቀጣዩ። የቁሩ ጉትዬ ብዙ ጊዜ ከብሩ ጠርዝ ውጪ ወድቆ የሚቀረው፣ ጉጉቷም በአራት ማዕዘን ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠች የምትመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። መዶሻው በቀጥታ የሚያርፈው በላይኛው ቅርጽ ላይ ስለሆነ ፈጥኖ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። አንዳንድ ብር ላይ ስንጥቁ ራሱ ታትሞ ይታያል።

በዚያ ዘመን አቴና ፓርቴኖን የተባለውን ቤተ መቅደስ እየገነባች ነበር፤ የቀራጮቿ እጅ በዓለም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ብሩ ላይ ያለችው አቴና ግን ያው ባለለውዝ ዓይኗ፣ ያው የድሮ ፈገግታዋ። ለብዙ አሠርት ዓመታት መልኳን ሊያሳምሩት አልሞከሩም። ምክንያቱን የእኛ አያቶች ቢጠየቁ ይመልሱት ነበር። የማርትሬዛ ብር በሐበሻ ገበያ ሲገባ ተቀባዩ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁ እየቆጠረ ነበር የሚያረጋግጠው፤ መልኩ ትንሽ ቢለወጥ አይቀበሉትም። በግብፅና በሶርያ የነበረውም ነጋዴ ጉጉቷን የሚያውቃት በዚያው በድሮው መልኳ ነው። ዜኖፎን እንደጻፈው፣ ሌሎች ከተሞች የሄደ ነጋዴ ገንዘባቸው ውጭ አገር ስለማይሠራ ዕቃ ለመጫን ይገደዳል፤ ከአቴና የሚመለስ ግን ብሩን ራሱን ይዞ ቢሄድ የትም ያተርፍበታል። ግብፃውያን በ4ኛው መቶ ዘመን ጉጉቷን ራሳቸው ያትሟት ጀመር። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ዛሬ የመን በምንለው አገር፣ የደቡብ ዓረብ መንግሥታት የመጀመሪያ ገንዘባቸውን ሲያወጡ የቀዱት ይችኑ ጉጉት ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ እንዱቢስ በአክሱም ወርቅና ብር ሲያሳትም ጽሕፈቱ የግሪክ ፊደል የሆነውም ያ ባሕር ለረጅም ዘመን በግሪክ ቋንቋ ስለተገበያየ ነው።

የአቴና ውድቀት የጀመረው ብሩ ከጀመረበት ስፍራ ነው። በ413 ስፓርታውያን ከአቴና በስተ ሰሜን ያለችውን ዴኬልያን ምሽግ አድርገው ተቀመጡባት። የታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ እንደሚለው ከ20,000 በላይ ባሪያዎች ከድተው ጠፉ፤ ብዙዎቹ እጀ ብልሃተኞች ነበሩ። የላውሪዮን ጉድጓዶች ባዶ ሆኑ። የሸሹት ግን ሁሉም ነፃነት አልጠበቃቸውም፤ ጎረቤቶቹ ቴባውያን ከዚያ ጦርነት ባሪያ በርካሽ እየገዙ እንደበለጸጉ ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ የድል አምላክ ሐውልቶችን ወርቅ አቅልጣ ገንዘብ አደረገች፤ እሱም ሲያልቅ በነሐስ ላይ ብር ለብጣ አተመች። አሪስቶፋኒስ በ405 ባሳየው ተውኔት የከተማዋን ጨዋ ሰዎች ከጥንቱ ጥሩ ብር ጋር፣ ሹማምንቱን ደግሞ ትናንት ከታተመው መናኛ ነሐስ ጋር እያነጻጸረ ወቀሰ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ተውኔቱ አንድ ሰው ወይኑን ሸጦ፣ አፉን ሙሉ የነሐስ ሳንቲም ይዞ የገብስ ዱቄት ሊገዛ ይሄዳል። ስልቻውን ዘርግቶ ሊያስሰፍር ሲል አዋጅ ነጋሪው ይጮሃል፦ ከእንግዲህ ነሐስ ማንም እንዳይቀበል፣ የምንገበያየው በብር ነው። ሰዉ እንዲስቅ የተጻፈ ትዕይንት ነው። አፉ ውስጥ የያዘው የዓመት ልፋቱ እንደሆነ ሳስብ ግን ይከብደኛል።

የኒኮፎን ሕግ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የከተማዋ ቃል አንድ ጊዜ ታጥፏልና ሰዉ በእያንዳንዱ ብር ላይ ይጠራጠራል፤ እምነቱን ለመመለስ የሚያይ ዓይን አስፈለገ። የዓይኑ ባለቤት ደግሞ ባሪያ ነውና ዋጋ ነበረው። ከሕጉ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ414፣ በአቴና ወደብ በፒሬውስ ይኖር የነበረ ኬፊሶዶሮስ የተባለ የውጭ አገር ሰው ንብረቱ ተወርሶ በሐራጅ ሲሸጥ ዝርዝሩ በድንጋይ ተቀርጿል። ባሪያዎቹ በስማቸው አልተጻፉም፤ በትውልድ አገራቸውና በዋጋቸው ነው። አንድ የሶርያ ሰው፣ 301 ድራክማ። አንዲት የትራክያ ሴት፣ 165። አንድ የካርያ ሕፃን፣ 72። በጉጉት ሲቆጠር 18 ጠገራ፤ በአንድ እጅ መዳፍ ላይ የሚይዝ።

ሕጉ በገበያ ካለው መርማሪ ሌላ በፒሬውስ ወደብ፣ የባሕር አምላክ የፖሲዶን ሐውልት ድንጋይ ባለበት፣ ለባለመርከቦችና ለነጋዴዎች የሚቀመጥ ሁለተኛ ሰው እንዲኖር ያዛል። ከመንግሥት ባሪያዎች መካከል ሙያውን የሚያውቅ ካለ እሱ ይመደብ። ከሌለ ምክር ቤቱ ይግዛ፤ የገንዘብ ሹሞቹም ዋጋውን ይክፈሉ። የሚከፈለው ዋጋ በጉጉት ብር ነው፤ የተገዛው ሰውም ከዚያ በኋላ ከማለዳ እስከ ገበያ መፍቻ ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጦ የሚያገላብጠው ያንኑ ብር ነው።